ሥራ ፈላጊና የማዕርግ መሰላል

(በሬዲዮ የተሰማ ንግግር)



ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ ወደ አሸተን ማርያም የወጣ ሰው መንገዱን በቀላሉ አይረሳውም። ገዳሟ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ትከሻ ላይ፥ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፥ ከገደሉ አለት ተፈልፍላ የታነጸች ናት። ሥራዋን ንጉሥ ላሊበላ እንደ ጀመረውና ነአኵቶ ለአብ እንደ ፈጸመው በአባቶች ዘንድ ይነገራል። ሽቅብ የሚሄደው ሰው ትንፋሹ እያጠረው ደጋግሞ ያርፋል፤ በቅሎ ቢኖረውም እንኳ መንገዱ ከጠበበበት ሲደርስ ወርዶ በእግሩ መሄድ ይገባዋል።

ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ ገዳሟ ታሪክ ሳይሆን በዚያ ዳገት ላይ ስለ ተጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነው። በጥቅምት ወር ወደዚያ ስወጣ በቅሎዬን ይስብልኝ የነበረው የላስታ ወጣት በሒሳብ አያያዝ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪውን የተቀበለ ሰው ነበር። በቅሎዋ የአጎቱ ናት። በኮሮና ወረርሽኝ፥ በኋላም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአገሩ ላይ በደረሰው ጦርነት ምክንያት የጐብኚው ቍጥር ከቀነሰ ወዲህ በላሊበላ ብዙ የተማረ እጅ ሥራ ፈትቶ መክረሙን ስለማውቅ ነገሩ አላስደነቀኝም። ያስደነቀኝ ጥያቄው ነው።

«ጋሼ» አለኝ፤ «እርስዎ በመሥሪያ ቤት የኖሩ ሰው ነዎትና አንድ ነገር ይምከሩኝ። በአዲስ አበባ ሁለት የሒሳብ ምርመራ ድርጅቶች ሠራተኛ ይፈልጋሉ። አንደኛው ደመወዙ ይበልጣል፤ ስለ ዕድገት ግን አንዳች አልተናገረም። ሁለተኛው ደመወዙ ያንሳል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ፈተናውን አልፎ ወደሚቀጥለው ማዕርግ ያልደረሰ ይሰናበታል ብሎ ጽፏል። እዚህ ደግሞ በወረዳው መሥሪያ ቤት አንድ ቦታ አለ፤ ማንም አያባርረኝም። የትኛውን ልያዝ?»

ዳገቱ እስትንፋስ የማያስተርፍ ስለ ነበረ፥ ከላይ ደርሰን ስናርፍ እመልስልሃለሁ አልሁት። ይህ ንግግር ያን ጊዜ ከሰጠሁት መልስ ትንሽ የሰፋ ነው።

በቋንቋችን «ወጣ» የሚለው ግሥ ሁለት ፍች አለው። ወደ አሸተን የሄደ ሰው ተራራውን ወጣ ይባላል፤ ከመሥሪያ ቤቱ የተሰናበተም ሰው ከሥራ ወጣ ይባላል። በውጭ አገር በታላላቅ የጥብቅና፥ የሒሳብ ምርመራና የምክር አገልግሎት ድርጅቶች ዘንድ የሚሠራበት አንድ ደንብ እነዚህን ሁለቱን ፍቾች አንድ ላይ ያሰረ ነው፤ እርሱም «ወይ ወደ ላይ ውጣ፥ ወይ ወደ ውጭ ውጣ» የሚል ነው። ይህን ደንብ በጥብቅና ሙያ ውስጥ በማደራጀት ስሙ የሚነሣው በኒው ዮርክ ከተማ የነበረው ጠበቃ ፖል ክራቫት ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1899 ወደ ድርጅቱ ከገባ በኋላ፥ ከሕግ ትምህርት ቤቶች የላቁትን ወጣቶች እየመረጠ መቅጠር፥ በሚገባ ማሠልጠን፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የበቁትን ሸሪክ ማድረግና የቀሩትን ማሰናበት የሥራው ሥርዐት ሆነ። በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የመኮንኖች ሕግ ይህንኑ መንገድ ተከትሏል፤ በዩኒቨርሲቲዎቻቸውም መምህሩ እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ ጊዜ ውስጥ ቋሚነትን ያገኛል፥ አለዚያም ይለቃል።

ይህ ደንብ ለምን አስፈለገ ብሎ የሚጠይቅ ሰው በቀላል ሒሳብ ሊረዳው ይችላል። አራት ሸሪኮችና ሃያ ወጣት ሠራተኞች ያሉበት ድርጅት አለ እንበል፤ ይህም ማለት ለአንድ ሸሪክ አምስት ሠራተኞች ናቸው። ሃያዎቹ ሁሉ በስምንት ዓመት ውስጥ ሸሪክ ቢሆኑ፥ የሸሪኮቹ ቍጥር 24 ይሆናል፤ የቀድሞው ሚዛን እንዲጠበቅም 120 ሠራተኞች ያስፈልጋሉ። ሌላ ስምንት ዓመት ሲጨመር 144 ሸሪኮችና 720 ሠራተኞች ሊኖሩ ነው። ይህን ያህል ደንበኛ ከየት ይመጣል? እንግዲህ ከሃያዎቹ የሚበዙት መሰናበታቸው ከስንፍናቸው የተነሣ ብቻ አይደለም፤ ጕልላቱ ጠባብ ስለ ሆነ ነው። ሥራ ፈላጊ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ማወቅ ይገባዋል። ያልወጣ ሁሉ የማይረባ ነው ብሎ የሚያምን ሰው፥ ተራው በእርሱ ላይ በደረሰ ጊዜ ልቡ ይሰበራል።

ይህን የሰማ ሰው ደንቡ ጨካኝ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን በውስጡ አንድ የሚደነቅ እውነት አለ። ካንና ሁበርማን የተባሉ ሁለት የኤኮኖሚ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጽሑፍ እንደሚከተለው አስረድተዋል። የሠራተኛውን ችሎታ በሚገባ የሚያውቀው አሠሪው ነው። ይህ አሠሪ በቅቶ የተገኘውን ሠራተኛ «ገና አልበቃህም» እያለ በአነስተኛ ደመወዝ ሊያቆየው ይፈተናል። «ወይ አሳድግ፥ ወይ አሰናብት» የሚል ደንብ ያሰረው አሠሪ ግን እንዲህ ብሎ ቢዋሽ ሠራተኛውን ራሱን ያጣዋል። ስለዚህ ሠራተኛውን የሚያስፈራው ያው ደንብ የአሠሪውንም ምላስ ይገታል ማለት ነው። ወጣቱ የነገረኝ ሁለተኛው ድርጅት ያሰናብታል፤ ነገር ግን «ትንሽ ታገሥ» እያለ አሥር ዓመት አያስቀምጥም።

«ትንሽ ታገሥ» የሚለውን ቃል ከእኛ የበለጠ የሚያውቀው የለም። በአገራችን ከሁሉ የቀደመው የሹመት መንገድ ደጅ ጥናት ነበር። ባለጉዳዩ ከጌታው ደጅ እየዋለ፥ እጅ እየነሣ፥ ዐይን እስኪገባ ድረስ ይጠብቃል። የሚሾምበት ቀን አይታወቅም፤ የሚሾምበትም ምክንያት አይነገርም። እንዲህ ያለው መንገድ የሚስበው ታጋሹንና አንደበተ ለስላሳውን ነው፤ ሙያ ያለው ግን ዝምተኛ የሆነው ሰው ከደጅ ሳይታይ ይቀራል። ከዚያም ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛ በደረጃና በደንብ እንዲተዳደር ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1961 የማዕከላዊው የሠራተኞች አስተዳደር ትእዛዝ ወጣ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላም መምህራን ከጀማሪ መምህርነት ተነሥተው በመለስተኛ መምህር፥ በመምህር፥ በከፍተኛ መምህርና ከዚያም በላይ ባሉት ማዕርጎች የሚያድጉበት መሰላል ተዘረጋ። የዚህ ዐይነቱ መሰላል በጎነቱ መታየቱ ነው፤ ጕድለቱ ደግሞ አገልግሎት ከብቃት ይልቅ ሲመዝን ትጉሁና ሰነፉ አብረው መውጣታቸው ነው።

መሰላል መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ጫፉ ክፍት መሆኑ መታየት አለበት። ለዚህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲመሠረት አስተዳዳሪዎቹና አብራሪዎቹ ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. የመጡ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና አብራሪ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። አንድ ሰው ከጫፍ ሲደርስ ከታች ያለው ተማሪ ሁሉ «ለካስ ይደረሳል» ይላል። ምንም ያህል ማስታወቂያ ቢነገር ይህን አያህልም።

ማይክል ስፔንስ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጽሑፍ፥ አሠሪ የሠራተኛን ልብ ማየት ስለማይችል ዲግሪውን እንደ ምልክት አድርጎ እንደሚያነብ አሳይቷል፤ ስለዚህም ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ነገሩ በግልባጩም ይሠራል። ሥራ ፈላጊ የድርጅቱን ልብ ማየት አይችልም፤ ስለዚህ የዕድገቱን ደንብ እንደ ምልክት ያነባል። ደንቡን ያልገለጠ ድርጅት ምንም ምልክት ያላሳየ ይመስለዋል፤ ዝምታውም ግን ይነበባል። «በዚህ ቤት የሚያድግ የባለቤቱ ዘመድ ነው» ተብሎ ይነበባል። ይህ ንባብ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም አዋቂው አመልካች ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል፤ የሚመጣው ሌላ ምርጫ የሌለው፥ ወይም ዘመድ ያለው ነው። ዕድገቱን ያላመነ ሰውም ቢገባ ልቡን በሥራው ላይ አያሳርፍም። «ሲሾም ያልበላ፥ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ክፉ ተረት የተወለደው ከእንዲህ ያለው ቤት ነው፤ ነገውን የማያውቅ ሰው ዛሬን ይቦጠቡጣል።

እንግዲህ የመሰላሉ ደንብ ወጪዎቹን ይመርጣል ማለት ነው። በአገልግሎት ዘመን ብቻ የሚያሳድግ ቤት ጸጥታ ወዳዱን ይስባል። «ውጣ ወይም ውጣ» የሚለው ቤት በራሱ የሚተማመነውንና የስም ጥማት ያለበትን ይስባል። ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይታይ አንድ ነገር አለ። ይህ ሁለተኛው ደንብ የሚለየው ደፋሩን ከፈሪው ብቻ አይደለም፤ መውደቂያ ያለውን ከሌለው ይለያል። አባቱ በአዲስ አበባ ቤት ያለው ወጣት ሦስት ዓመት ሞክሮ ቢሰናበት ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል። የላስታው ልጅ ግን እናቱ በግ ሸጣ ያስተማረችው፥ ከደመወዙ ለታናናሾቹ የሚልክ፥ የቤት ኪራይ የሚከፍል ነው። ሁለቱ እኩል ችሎታ ቢኖራቸው እንኳ እኩል አይደፍሩም። እንደዚሁም የውድድሩ ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 35 ባለው ዕድሜ ላይ ስለሚውሉ፥ ልጅ ወልዳ የምታሳድግ ሴት ችሎታ ሳያንሳት ከመግቢያው በር ትመለሳለች። ድርጅቱም «ምርጦቹን አገኘሁ» ብሎ ይደሰታል፤ ከምርጦቹ ግማሾቹ በሩን ሳያንኳኩ መቅረታቸውን አያውቅም።

ይህን የተረዱ የውጭ አገር ድርጅቶች ካለፉት 40 ዓመታት ወዲህ መሰላላቸውን አሻሽለዋል። ሸሪክ ያልሆነ ነገር ግን በሙያው የተከበረ ሰው በቋሚነት የሚቆይበትን ቦታ የፈጠሩ አሉ፤ ትርፍ የማይካፈል ሸሪክ የሚባልም ማዕርግ ያወጡ አሉ። ሌሎቹ ደግሞ የተሰናበቱትን እንደ ጠፉ ሰዎች አይቈጥሯቸውም፤ ሥራ ያፈላልጉላቸዋል፥ ማኅበር ያቋቁሙላቸዋል፥ በሌላ መሥሪያ ቤት ሹም ሲሆኑም ደንበኛ ያደርጓቸዋል።

እኛ ግን ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም፤ በላስታና በዋድላ ምድር የኖረውን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ብንመለከት ይበቃል። ተማሪ ጉባኤ ሲመርጥ በዘፈቀደ አይመርጥም። ለድጓ ምስክር ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አምባ፥ ለአቋቋም ጎንደር፥ ለቅዳሴ ሰለልኩላ ወይም ደብረ ዓባይ መሄድ እንዳለበት ከታላላቆቹ ይጠይቃል። በቅኔም ዋድላ፥ ዋሸራና ጎንጅ የየራሳቸው መንገድ እንዳላቸው ያውቃል። መሰላሉም የተሰወረ አይደለም፤ ቅኔ የሚማር ልጅ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ፥ ዘአምላኪየን፥ ሚ በዝኁን፥ ዋዜማንና ሥላሴን እያለፈ እስከ መወድስ ይወጣል። በየትኛው እርከን ላይ እንዳለ እርሱም፥ መምህሩም፥ ባልንጀሮቹም ያውቁታል።

ከዚህም የሚበልጠው፥ በመንገድ የቀረው ተማሪ ባዶ እጁን አለመቅረቱ ነው። ዳዊት ደግሞ የቀረው ያነባል፤ ቅዳሴ ተምሮ የቀረው በዲቁና ያገለግላል፤ ዜማውን ይዞ ቅኔ ያልሆነለት በማሕሌት ይቆማል። ሁሉ የአራት ዐይና መምህር አይሆንም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ እርከን እንጀራ አለው። ስለዚህ ነው የድኃ ልጅ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ቁራሽ እየለመነ፥ ውሻ እያባረረ፥ የብዙ ዓመት ትምህርት የሚደፍረው። የደፈረው እንደሚወጣ እርግጠኛ ስለ ሆነ አይደለም፤ ከየትም ቢወርድ ከሰው በታች እንደማይሆን ስለሚያውቅ ነው።

ይህ ነገር ዛሬ ለምን አስፈላጊ ሆነ ብትሉኝ፥ በአገራችን የሙያ ድርጅቶች ገና መሰላላቸውን በመትከል ላይ ስለ ሆኑ ነው። የጥብቅና ሥራ ለብዙ ዘመን ጠበቃው በየግሉ ፈቃድ ይዞ የሚሠራው ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች በሽርክና የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቀደ፤ በዚያው ዓመት የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም ለሙያ ሰዎች የሚሆን ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር የሚባል ቅርጽ አስገባ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ደግሞ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲያቀርቡ ስለሚያስገድድ የሒሳብ አዋቂ ፈላጊው በዝቷል። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ከወጣት ሠራተኛ እስከ ሸሪክ ያለው ርቀት ስንት እርከን እንዳለው፥ በየእርከኑ ማን እንደሚፈርድ፥ ያልወጣው ምን ይዞ እንደሚወርድ፥ ዛሬ የሚጻፈው ደንብ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ዛሬ ካልተጻፈ ደጅ ጥናት ከረባት አስሮ ይገባበታል።

ስለዚህ ለሥራ ፈላጊዎች የምለው ይህ ነው። ደመወዙን ከመጠየቃችሁ ጋር አምስት ነገር ጠይቁ፤ የሚቀጥለው ማዕርግ ምን ይባላል? ስንት ዓመት ይፈጃል? የሚፈርደው ማን ነው፥ በምንስ መስፈርት? ከእኔ በፊት ከገቡት ስንቱ ወጡ? ያልወጡትስ ዛሬ የት ናቸው? ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። በቅሎ የሚገዛ ሰው እንኳ ጥርሷን ያያል፤ የወጣትነት ዘመኑን የሚሸጥ ሰው እንዴት ሳያይ ይሸጣል? ደግሞም የራሳችሁን ሁኔታ አትፈሩት። የሚጦር ወላጅ ያለው ሰው የጸናውን ቦታ ቢመርጥ ፈሪ አይባልም፤ ሸክሙን ያወቀ ይባላል።

ለድርጅት ባለቤቶች የምለውም አጭር ነው። ደንባችሁ ጥብቅ ቢሆን ጥሩ ሠራተኛ አይሸሻችሁም፤ የሚሸሸው የተሰወረ ሲሆን ነው። የምታሰናብቱ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። የሙያ ፈተናውን ወጪ ክፈሉ፥ ሌላ ሥራ የሚፈልግበት ጊዜ ስጡት፥ የሠራውን የሚመሰክር እውነተኛ ደብዳቤ ጻፉለት። ይህ ምጽዋት አይደለም። የመውጫ በራችሁ የከበረ ከሆነ ከላስታም፥ ከጋሞም፥ ከሐረርጌም በችሎታው የሚመካ ግን መውደቂያ የሌለው ልጅ በራችሁን ያንኳኳል።

የወጣቱን ነገር ሳልነግራችሁ ብሰናበት ቅር ትሰኛላችሁ። ከገዳሟ ደጅ ተቀምጠን ይህን ከተነጋገርን በኋላ አምስቱን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፎ ለሁለቱም ድርጅቶች ላከ። ደመወዙ የሚበልጠው ድርጅት «ለዚህ ሁሉ ስትደርስ ትጠይቃለህ» ብሎ መለሰለት። ሁለተኛው ግን በአንድ ገጽ ጻፈለት፤ የፈተናውን ወጪ እንደሚከፍል፥ የሚሰናበተውን ከሦስት ወር አስቀድሞ እንደሚያስታውቅ፥ ከዚያ ቤት ከወጡትም የሚበዙት በባንኮችና በፋብሪካዎች በሒሳብ ሥራ ላይ እንዳሉ ገለጠለት። ልጁ ግን ስለ እናቱ እያሰበ ሁለት ሳምንት አመነታ።

ምክሩን የቆረጠለት እኔ አልነበርሁም፤ የበቅሎዋ ባለቤት አጎቱ ነበሩ። እርሳቸው ፊደል አልቈጠሩም፤ ያን ዳገት ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ደብዳቤው ሲነበብላቸው ሰምተው፥ «አሸተንን እንግዳ ሁሉ የሚፈራው ሽቅቡን ነው፤ ሰው የሚሰበረው ግን ቁልቁል ሲመጣ ነው። እነዚህ ሰዎች መውረጃውን አሳይተውሃልና ሂድ» አሉት። ሄደ። አሁን በአዲስ አበባ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ከሁለት ፈተናዎች አንዱን አልፏል፥ አንዱን ወድቆ ደግሞ ለመፈተን ይዘጋጃል። ይውጣ አይውጣ እግዚአብሔር ያውቃል። ቢወርድ ግን የሚወርድበትን መንገድ አስቀድሞ አይቶታል።